ከየት አገኘኸው አይባልም

«ከየት አገኘኸው አይባልም» አለ ሙሉጌታ ለሦስተኛ ጊዜ። «ደንብ ነው። ደንቡን ያወጡት ደግሞ እርስዎ ነዎት፣ ጋሽ አሕመዲን፤ እኔ ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበርኩ።»

«ማን እንዳወጣው አልጠፋኝም» አለ አሕመዲን። «እኔ የምጠይቀው ይህን ሰው ነው። አንተ ለጊዜው ዝም በል።»

ሙሉጌታ ርዕሰ መምህር ነውና ዝም በል መባል አልለመደም። የማኅበሩ ሊቀመንበርም እሱ ነው። ፊቱ ቀላ፤ ግን አሕመዲንን ለሚያህል ሽማግሌ በሰው ፊት መልስ መስጠት ከበደውና እስክሪብቶውን ከፍቶ ዘጋ።

የአሕመዲን ጣት ከቀዩ ጨርቅ ላይ አልተነሳም። ጨርቁ የሰላሀዲን ነው። ከደሴ ጠቅልሎ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ሠላሳ የሚሆኑ ሜዳልያዎችን እንደ ዶሚኖ ደርድሮበታል። የአሕመዲን ጣት ያረፈው በሦስተኛው ረድፍ ዳር ካለችው የብር ሜዳልያ አጠገብ ነበር። አልነካትም። ሰብሳቢ የሰው ሜዳልያ ሳይፈቀድለት አይነካም፤ ይህንንም ያወጣው እሱ ነው።

«አባባ፣ ጣትዎን ያንሱልኝ» አለ ሰላሀዲን በለሰለሰ ድምፅ።

«ማንጠልጠያዋን ምን አደረግሃት?»

«ማንጠልጠያ የላትም።»

«ነበራት። ሞርደህ ጥለሃታል። ይኸው ጠባሳዋ፤ አናቷ ላይ። በአሸዋ ወረቀት ብታሸውም አልጠፋልህም።»

ከወዲያኛው ጠረጴዛ የውጫሌው ሀሚዱ ሳቅ አለ። የአሕመዲን እኩያ ነው፤ አርባ ዓመት ይተዋወቃሉ። «እንግዲህ ማሲንቆ ፈልጉለት» አለ። «አሕመዲን ዛሬ በአምባሰል ሊያለቅስልን ነው።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አሕመዲን ዞር ብሎ አላያቸውም።

አዳራሹ በሐይቅ ከተማ፣ ከውኃው ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሁለቱ መስኮቶች መስታወታቸው በጦርነቱ ረግፎ በላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ከውኃው ነፋስ በመጣ ቁጥር ላስቲኩ እየተነፋ ይንኳኳል። ከጓሮ የሚጠበሰው የቆሮሶ ዓሣ ሽታ ይገባል። ሃያ ስድስት ሰው በየጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጧል፤ የነጋዴው፣ የአስተማሪው፣ የጡረተኛው መዳፍ ሁሉ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቋል። ግድግዳው ላይ የማኅበሩ ባነር ተሰቅሏል። ድሮ ይህ ሁሉ ሰው የሚገናኘው በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ ነበር። በ2010፣ ለውጥ መጣ በተባለበት ዓመት፣ ሙሉጌታ ወደ ባህል ቢሮ ተመላልሶ ፈቃድና ማኅተም አስወጣ። ከዚያ ወዲህ ባነር አላቸው፣ ቃለ ጉባዔ አላቸው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ በገሃድ ይሰበሰባሉ። በጦርነቱ ዓመት ብቻ ተቋርጦ ነበር። ባነሩ ግን ተርፎ ተገኘ፤ አንዱ ጎረቤት በጎቹን ከዝናብ ሲከልልበት ከረመ።

ሜዳልያ በገንዘብ አይሸጥም፤ ይለዋወጡታል። ከየት እንደመጣም አይጠየቅም። አሕመዲን ይህን ደንብ በ1985 በልብስ ሰፊው ቤት ሲያወጣ ከልቡ ነበር። ያን ጊዜ የብዙ ሰው ቤት ችግር ገብቶበታል። የመኮንን ሚስት የባሏን ኒሻን በነጠላዋ ጥላ ስር ደብቃ ታመጣለች፣ ለልጆቿ ጤፍ ልትለውጥበት። እንዲህ ያለችን ሴት ስሟን በጠረጴዛ ላይ ማስጠራት ነውር ነው ብሎ ተናገረ፤ ሁሉም እውነት ነው አሉ። ሃያ ስምንት ሰው ጣቱን አንስቶ አጸደቀው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ ደንብ ሲኮራ ኖረ።

አሁን ደንቡ አፉ ውስጥ እንደ እሾህ ተሰንቅሮ ነበር።

ምክንያቱም ያቺን ሜዳልያ ያውቃታል። የጎረቤቱ የሽታው ናት። ሽታው ከአሕመዲን ጋር ሠላሳ ዓመት በአንድ አጥር የኖረ፣ ከሰባት ዓመት በፊት የሞተ አስተማሪ ነው። በ1972 በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አምባሰል ገብቶ፣ ከዛፍ ጥላ ስር ገበሬውን ፊደል አስቆጠረ። ከተማሪዎቹ አንዷን፣ ስህንን፣ ኋላ አገባት። ሜዳልያዋ የዚያ ዘመቻ መታሰቢያ ናት። ለበዓል ለበዓል ከኮቱ ላይ ያደርጋት ነበር። ሪባኗ ሲበጣጠስ ስህን አንድ የብር ጉትቻዋን ሰጠችው፤ አንጥረኛው አቅልጦ ማንጠልጠያ አበጀበትና ከአናቷ ላይ በየደው። አሕመዲን ያን ቀን በአጥሩ ላይ አይቶ «ገደልካት» ብሎት ነበር። «ሜዳልያ እንዲህ ይደረጋል? ከእንግዲህ ማንም አይለውጥህም።» ሽታው ደግሞ «ማን ሊለውጣት አሰበ?» አለና ሳቀ።

በጥቅምት ማለቂያ 2014 ከተማው ለሽሽት ሲታመስ ስህን በዚያው አጥር ጠራችው። እርጉዝ ልጇን ሔለንን ይዛ ደሴ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ልትወጣ ነው። ሜዳልያዋን በመሀረብ ጠቅልላ አቀበለችው። «መንገድ ላይ ይፈትሹናል ይላሉ፤ አንተ ዘንድ ትሁን ወንድማለም» አለችው። «በአማና ተቀብያለሁ፣ አደራ ነው» አላት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

እሱ የወጣው ማምሻውን ነው። የራሱን ስብስብ በፕላስቲክ ኪስ አልበም እንዳለ ወገቡ ላይ በጨርቅ አሰረ። የሽታውን በመጨረሻው ኪስ ሊከታት ሞከረ። ማንጠልጠያዋ አላስገባ አለ። አዙሮ ሞከረ፤ ፕላስቲኩ ሊቀደድ ሆነ። ከተራራው ወዲያ ከባድ መሣሪያ ይሰማል፤ ሚስቱ ከደጅ ትጣራለች። ከጓዳ አንድ የሻይ ቆርቆሮ አነሳ፣ ጨመራት፣ ከማድቤቱ መደብ ጀርባ ሸሸጋትና ወጣ። የራሱን ሃያ ሁለት ሜዳልያ ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ከሚሴ፣ ከዚያም ደብረ ብርሃን ድረስ ወገቡ ላይ ይዞ ተሰደደ።

ታኅሣሥ ላይ ሲመለስ ቤቱ በር አልነበረውም። ቆርቆሮውም አልነበረም።

ስህን በጥር ተመለሰች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ አልበሙ ነው። አሳያት። «እንኳን ተረፈልህ፤ ዕድሜህን ያፈሰስክበት ነው» ብላ ከልቧ ደስ አላት፤ ከዚያም «የሽታውስ?» አለች። አልበሙ እጁ ላይ ነበር። አልበሙን ይዞ ያቺ ጠፋች ማለት አቃተው። «አለች፣ ከእኔ ጋር ተሰዳ ተመለሰች፤ አብሽሪ፣ አታስቢ» አላት። ከዚያ በኋላ በየወሩ አለች፣ አብሽሪ እያለ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

ባለፈው ሐሙስ ግን ቆርጣ መጣች። ሽታው ያስተማረበት መንደር ትምህርት ቤት በጦርነቱ ተቃጥሎ ነበር፤ ተሠርቶ እሁድ ይመረቃል፤ የሽታው ፎቶግራፍ ከግድግዳው ይሰቀላል፤ ሽማግሌዎቹ ሜዳልያዋን ከፎቶው ስር ማድረግ ፈልገዋል። አሕመዲን ምላሱ ቀደመው። «ቅዳሜ ስብሰባችን ላይ ለዕይታ ትቀርባለች፤ እዚያው ነይና ውሰጃት» አላት።

ያሰበው ሌላ ነበር። የዚያ ዘመቻ ሜዳልያ በአውራጃው ለጥቂት ሰው ቢሰጥም ቅዳሜ ከአንዱ ጠረጴዛ አይጠፋም፤ ለውጦ፣ እዚያው ከተማ ካለ አንጥረኛ ማንጠልጠያ አስበይዶ፣ ይኸው ሊላት ነበር። አንድ ቅርጽ ማውጫ ላይ የተመታ ብር ሁሉ አንድ ነው፤ ሰብሳቢ እንዲህ ነው የሚያስበው። ጠዋት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር የነበረው መሳይዋን ፍለጋ ነው። ከሰላሀዲን ጨርቅ ላይ ሲደርስ ግን መሳይዋን ሳይሆን ራሷን አገኛት።

«እሺ አባባ» አለ ሰላሀዲን። ጓንቱን በጣቶቹ መሀል እያስተካከለ ነበር። አርባ ዓመት የሞላው፣ ጺሙን አሳምሮ የሚቆረጥ፣ ሰው ሲቆጣ እሱ የሚረጋ ዓይነት ሰው ነው። «እኔ ጠብ አልፈልግም። ይቺን ከፈለጓት እንለዋወጥ። የእርስዎን የአሥረኛ ዓመት ይስጡኝና ይውሰዷት።»

ሰዉ ሁሉ ወደ አሕመዲን ዞረ። የአሕመዲን የአሥረኛ ዓመት በሁሉም ዘንድ የታወቀ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መታሰቢያ ሆኖ የተመታ፣ ጠርዙ ላይ ቁጥር ያለው ሜዳልያ ነው። ሰዎች ከወልድያ የሚመጡት እሱን በማጉያ መነጽር ለማየት ነው። አሕመዲን ራሱ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከኪሱ የሚያወጣው።

«በአንድ በተሞረደች?» አለ ሀሚዱ። «አንተ ልጅ፣ ዓይንህን በጨው አጥበኸዋል።»

«የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።»

አሕመዲን ተቆጣ። የተዘረፈን ንብረት በገዛ ንብረቱ ሊያስገዛው ነው። ግን ሰዓቱን አየ፤ ስህን ስድስት ሰዓት እመጣለሁ ብላለች፣ አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ አልበሙን አመጣና የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። የአሥረኛ ዓመቱ እዚያ ነው። ከጀርባው፣ በዚያው ኪስ ውስጥ፣ ቢጫ የሆነ ፖስታ አለ። ሜዳልያውን ለማውጣት መጀመሪያ ፖስታውን ማውጣት ነበረበትና አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ሀሚዱ ፖስታውን ሲያይ ቀልዱን ተወ።

«አሕመዲን» አለ። «የወታደሩን ልትሰጥ ነው?»

«የራሴ ነው።»

«እሱ እንዲያ አላለም እኮ። እኔ እዚያው ነበርኩ።»

እውነት ነው፣ ነበረ። ግንቦት 1983 ነው። አሕመዲን የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሀሚዱ ደግሞ መስኮቱ ላይ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ሠራዊቱ ተበትኖ በእግሩ ወደ ደቡብ ይወርዳል። አንድ ጫማ የሌለው ወታደር ገባና ለእናቱ የጻፈውን ደብዳቤ አቀረበ። ቴምብር የሚገዛበት የለውም። ሜዳልያውን ከኪሱ አወጣ። «ይቺን ያዝልኝ፤ ሰው ስሆን መጥቼ እወስዳታለሁ» አለ። አሕመዲን ቴምብሩን ለጠፈ፣ ምሳ ሊሆነው ያመጣውን ዳቦ ሰጠው፣ ወታደሩም ሄደ። ከሦስት ቀን በኋላ ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። ደብዳቤው ሳይላክ ቀረ። በመስከረም ሲከፈት ደግሞ ሜዳልያው የአሕመዲንን ልብ ወስዶት ነበር። ደብዳቤው እናቱ ዘንድ ከደረሰ ወታደሩ የት እንዳስያዘው ያስታውሳል፣ መጥቶ ይወስደዋል። ነገ እልከዋለሁ አለ። ከነገ በኋላ ደግሞ ነገ ነበር።

አሕመዲን እጁን ከሜዳልያው ላይ መለሰ። አንዱን አማና በሌላው አማና ሊለውጥ ተነሥቶ እንደነበር ገባው። ነገሩ ሲገባው የተቆጣው ግን ይህን ባሳየው በሀሚዱ ላይ ነው፤ ከሀሚዱም አልፎ በሰላሀዲን ላይ።

«አልለውጥም» አለ። «ምን ብዬ ነው የምለውጠው? ሌባ ያወጣውን ብር ነው የያዝከው። ከየት እንዳገኘኸው እዚህ ሰው ፊት ትናገራለህ፣ ወይም ከዚህ ጨርቅህን ይዘህ አትወጣም።»

«ጋሽ አሕመዲን፣ ይህ ዛቻ ነው፤ በቃለ ጉባዔ እይዘዋለሁ» አለ ሙሉጌታ።

«ያዘው። በትልቁ ጻፈው።»

«ሌባ?» አለ ሰላሀዲን። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ሻከረ። «ደሴ ላይ የእኔን ሱቅ እስከ መደርደሪያው ሲጭኑት ማን ጠየቀልኝ? የአባቴን ስብስብ በጆንያ ነው የወሰዱት። እስከ ዛሬ በየስብሰባው እዞራለሁ፣ አንድም ቀን የአንዱን ሰው ጨርቅ ከየት አመጣኸው ብዬ አላውቅም። ለምን? ደንብ ነዋ። እኔ የእናንተን ደንብ ስጠብቅ፣ እርስዎ ሲመችዎ ሊጥሉት ነው?»

አሕመዲን የሚመልሰው ነበረው፤ ነገር ግን በበሩ በኩል ዓይኑ ወደቀ። ስህን ገብታ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላወቀም። ስልሳ ዓመት ይሆናታል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ነጠላዋን በሥርዓት የተከናነበች ሴት። ባጃጅ ላይ የመጣ አቧራ ከቀሚሷ ጫፍ ነበረ። ወንዶቹ አንዲት ሴት መግባቷን ልብ አላሉም፤ ዓሣውን የምታቀርበው መስላቸዋለች።

በጠረጴዛዎቹ መሀል መጥታ ቀዩ ጨርቅ ጋ ቆመች። ሜዳልያዋን አየቻት። ጎንበስ ብላ አናቷን አየች።

«ማንጠልጠያዋስ?» አለች።



«ማን ናቸው?» አለ ሰላሀዲን።

«ባለቤቷ ናት» አለ አሕመዲን። «የሽታው ሚስት። ለእሷ ንገራት። ለእኔ ደንብ ካለ ለእሷ ደንብ የለም፤ የማኅበሩ አባል አይደለችም። ለእሷ ከየት እንዳገኘኸው ንገራት።»

ይህን ሲል ያሸነፈ መሰለው። ሙሉጌታም የሚያነሳው አንቀጽ አጣ።

ሰላሀዲን ሴትዮዋን ጥቂት አያት። ከዚያ ጓንቶቹን አወለቀ።

«እናቴ፣ እኔ አልሰረቅሁም» አለ። «እዚሁ ሐይቅ ነው ያገኘኋት፣ ሰዉ ገና እየተመለሰ ሳለ። አንዲት ልጅ ያቀፈች ሴት አመጣችልኝ። ክፍት ቤት ገብታ ለልጇ የሚቀመስ ስትፈልግ፣ ከማድቤት መደብ ጀርባ አንድ የሻይ ቆርቆሮ አገኘች። ሻይ ነው ብላ ስትከፍተው ይቺ ወጣች። ስኳርና ዱቄት ሰጥቻት ተቀበልኳት። ቆርቆሮውንም ነበር ያመጣችው፤ ክዳኑ ላይ የሮማን ሥዕል ያለበት።»

አሕመዲን ያንን ቆርቆሮ በሚገባ ያውቀዋል።

ስህንም ታውቀዋለች። በዒድ ሻይ ስትጠጣ ስንቴ አይታዋለች። ቀስ ብላ ወደ አሕመዲን ዞረች።

«የሻይ ቆርቆሮ?» አለች።

«ስህን—»

«አለች፣ ከእኔ ጋር ተሰዳ ተመለሰች ብለኸኝ አልነበር?»

«አልገባ ብላኝ ነው» አለ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። «ማንጠልጠያዋ ከኪሱ አልገባ ብላ። ጊዜ አልነበረም።»

«የአንተዎቹ ገቡ።»

«ገቡ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሃያ ሁለት።»

«የሽታውን በመሀረቤ እንደጠቀለልኳት ኪስህ ብታደርጋት አትሆንም ነበር?»

አሕመዲን ያን ቀን ማታ ይህን ጨርሶ አላሰበውም ነበር።  ኪስ ማለት አልበም ውስጥ ያለው ብቻ መስሎት ነበር። የሱሪውን ኪስ አላሰበም። እዚህ አዳራሽ ካለው ሰው ሁሉ ይህን የሚረዳው አንድም ሰው ባይኖር ይሻለው ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም እንደተረዱት ፊታቸው ይናገራል። ሜዳልያ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በኪስ አይቀመጥም፣ ይፋቃላ።

«ዛሬስ ምን ልትሰጠኝ ነበር?» አለች ስህን። «ነይና ውሰጂ ያልከኝ?»

«መሳይዋን።»

ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳልገረማት። ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ቢጫ ፖስታ ሄደ። አነሳችው። ሽታው እንዳስተማራት፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ለውድ እናቴ ለወይዘሮ የሻረግ፣ ቢቸና።» ገለበጠችው። «አልተከፈተም። ይሄ የማን ነው?»

ያኔ አሕመዲን ተናገረ። ለእሷ ብቻ አልነበረም፤ ቁጣው መውጫ ፈልጎ ሰውን ሁሉ ጨምሮ ተናገረ። ወታደሩን፣ ዳቦውን፣ ቴምብሩን፣ የተዘጋውን ፖስታ ቤት፣ የተከፈተውንም። «በደንቡ ሠላሳ ዓመት የኮራሁት ለእናንተ ሳይሆን ለዚህ ነው» አለ። «ማንም እንዳይጠይቀኝ። እናንተም ለምን ዝም እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንተ ሙሉጌታ፣ የኢዮቤልዩውን ሜዳልያ ከማን ቤት አገኘኸው? ሀሚዱ፣ ያ የመኮንኑ ኒሻን ባለቤቱ ሞቶ ነው ወይስ ተርቦ? ሁላችንም የሰው ነገር ነው ጨርቅ ላይ ያሰጣነው። ይህ ደንብ ዛሬ ይነሣ።»

«ለምን አልላክኸውም?» አለች ስህን፣ ንግግሩን እንዳልሰማች። ፖስታውን እንደያዘች ነው።

«መንገድ ተዘግቶ ነበር።»

«ስንት ዓመት ተዘጋ?»

እሷ ይህን በዝግታ ነው ያለችው፤ ከአሕመዲንና ከአጠገቧ ካለው ሰላሀዲን በቀር ማንም አልሰማም። ምክንያቱም አዳራሹ ተደበላልቆ ነበር። ሙሉጌታ የኢዮቤልዩው ስሙ ሲነሣ ከወንበሩ ተነሥቷል። ሀሚዱ «የኔን አታንሳ፣ ወላሂ በሐላል ነው ያገኘሁት» እያለ ጠረጴዛውን ይመታል። ከወልድያ የመጡት ሁለቱ ሜዳልያዎቻቸውን ቶሎ ቶሎ ወደ ሳጥን ይመልሳሉ። አንዱ ነጋዴ ደንቡ መነሣቱን እደግፋለሁ፣ ነገር ግን ከጦርነቱ ወዲህ ለተገኘ ብቻ ይሁን አለ። ሌላው ቀበል አድርጎ ከ2013 ይጀምር፣ ከዚያ በፊት ያለው ይዘጋ አለ። «በፊት ያለው ምን ያስፈራሃል?» አለው ሀሚዱ። «አንተን የሚያስፈራህ ነዋ» አለ ሰውየው።

«በሥርዓት። በሥርዓት» አለ ሙሉጌታ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ እየመታ። «ድምፅ እንሰጣለን። አንደኛ፣ ደንቡ ከነጭራሹ ይነሣ የሚሉ። ሁለተኛ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ለተገኘው ብቻ የሚሉ። ሦስተኛ፣ እንዳለ ይቀጥል የሚሉ። ጋሽ አሕመዲን ሐሳቡን ያቀረቡት እርስዎ ስለሆኑ ይቁሙ።»

አሕመዲን ቆመ። በተቆጣ ሰው መሀል ነበረ፤ ሁሉም የሚያየው እሱን ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚያየው ሰላሀዲን ነበር፤ ጀርባውን ለጠረጴዛው ሰጥቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ ይህ ሽማግሌ የት ሊደርስ ነው እንደሚል ሰው።

«ከነጭራሹ ይነሣ የሚሉ» አለ ሙሉጌታ።

አሕመዲን እጁን አነሳ። ሌላ ማን እንዳነሳ ለማየት ዞር ሲል በሰላሀዲን ትከሻ በኩል ስህንን አያት። ከቀዩ ጨርቅ ላይ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ዳር፣ ሜዳልያዋን በባዶ እጇ፣ ፊትና ጀርባዋን በመዳፏ ጨብጣ አነሳች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት። ፖስታውን ከቀሚሷ ስር አስገባች። አጠገቡ የተቀመጠውን፣ አርባ ዓይን ሊያየው የሚመጣውን የአሥረኛ ዓመት ሜዳልያ አልነካችውም።

«አራት» አለ ሙሉጌታ እየቆጠረ። «አምስት። ጋሽ ሀሚዱ፣ አንሥተዋል ወይስ ጺምዎን እያከኩ ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ስህን በጠረጴዛዎቹ መሀል፣ የዓሣ ሳህን ይዛ ለገባችው ልጅ ጎን ዞር ብላ መንገድ ለቀቀችላት፤ ከዚያ በበሩ ወጣች። በአሕመዲን በኩል ስታልፍ አላየችውም። እጁ እንደተነሣ ነበር። በላስቲኩ መስኮት በኩል ነጭ ነገር ወደ አስፋልቱ ሲያልፍ ታየው፤ ላስቲኩ ሲነፋ ጠፋ።

በቀዩ ጨርቅ ላይ፣ በሦስተኛው ረድፍ ዳር፣ ክብ የተጫነ ምልክት ቀርቶ ነበር።

«ሁለተኛ» አለ ሙሉጌታ፣ ገጹን ገልብጦ። «ከጦርነቱ ወዲህ ለተገኘው ብቻ የምትሉ፣ እጃችሁን። ጋሽ አሕመዲን፣ የእርስዎ ተቆጥሯል፤ ያውርዱት።»